ዓሣው እያለፈ ወንዙ ለምን ይዘጋል? የኮሎምቢያ ወንዝ የሳልመን ወቅት እንዴት እንደሚወሰን

በአሜሪካዎቹ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛቶች መካከል የሚፈሰው የኮሎምቢያ ወንዝ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሙግት ያስነሳል። ከባሕሩ በኩል የወንዙ የመጀመሪያ ግድብ የሆነው የቦንቪል ግድብ ዕለታዊ ቆጠራ በሺዎች የሚቆጠር ሳልመን ማለፉን ያሳያል፤ በዚያው ሰሞን ግን ሁለቱ ግዛቶች ወንዙ ለመዝናኛ አስጋሪዎች መዘጋቱን ያስታውቃሉ። ቆይቶ ለጥቂት ቀናት ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። ፈቃድ ገዝቶ፣ ጀልባ አዘጋጅቶ፣ ከሥራው ዕረፍት ወስዶ የመጣ ሰው «ዓሣው ይኸው እያለፈ ነው፤ የተከለከልነው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ በአደባባይ ከሚነገረው ይለያል። የማስገሪያው ወቅት ርዝመት የሚወሰነው በወንዙ ውስጥ ባለው ጠቅላላ የዓሣ ብዛት አይደለም። በዚያ ብዛት ውስጥ ተቀላቅሎ በሚጓዘው እጅግ የተመናመነ መንጋ ላይ ምን ያህል ሞት ሊደርስ እንደሚፈቀድ ነው የሚወሰነው። ይህ ነጥብ ከተያዘ፣ እርስ በርሱ የሚጣረስ የሚመስለው ደንብ አብዛኛው ፈር ይይዛል።

## አንድ ወንዝ፣ ብዙ መንጋ

ኮሎምቢያ ከካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተነሥቶ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፈሰሰ በኋላ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። ሳልመን በጣፋጭ ውኃ ተፈልፍሎ፣ በባሕር አድጎ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ተወለደበት ገባር የሚመለስ ዓሣ ነው። በኮሎምቢያ ቺኑክ፣ ኮሆ፣ ሶክአይና ቸም የሚባሉት ዝርያዎች ይመለሳሉ፤ የሳልመን ዘመድ የሆነው ስቲልሄድም አብሯቸው ይወጣል። ባለሙያዎች በአንድ ወቅት ወደ አንድ አካባቢ የሚመለሱትን ለብቻቸው እንደ አንድ መንጋ ይቆጥሯቸዋል። አንዱ መንጋ ከባሕሩ አቅራቢያ ወዳለ ገባር ይታጠፋል፤ ሌላው በስኔክ ወንዝ በኩል እስከ አይዳሆ ተራሮች ይዘልቃል። የሚገቡት ግን ሁሉም በአንድ የወንዝ አፍ ነው፤ በዋናው ወንዝ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን ይዋኛሉ። መንጠቆም አይመርጥም።

ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት ወደ ተፋሰሱ በዓመት ከ10 እስከ 16 ሚሊዮን ሳልመንና ስቲልሄድ ይመለስ እንደነበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1942 የተጠናቀቀው ግራንድ ኩሊ ግድብ ዓሣ የሚያልፍበት መሰላል ሳይኖረው በመሠራቱ የላይኛውን ተፋሰስ ሙሉ በሙሉ ዘጋው። ዛሬ በዋናው ወንዝ ላይ ሳልመን ሊደርስ የሚችልበት የመጨረሻ ቦታ ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው ቺፍ ጆሴፍ ግድብ ነው። ወደ አይዳሆ የሚሄደው ዓሣ መሰላል ቢኖርለትም በኮሎምቢያ አራት፣ በስኔክ አራት፣ በድምሩ ስምንት ግድብ መሻገር አለበት።

ዛሬ በኮሎምቢያ ተፋሰስ 13 የሳልመንና የስቲልሄድ መንጋ ስብስቦች በአሜሪካ የተጋላጭ ዝርያዎች ሕግ ጥበቃ ሥር ናቸው። ሕጉ ሁለት ደረጃ አለው፤ አንደኛው «ለመጥፋት የደረሰ»፣ ሁለተኛው «ስጋት ላይ ያለ» ነው። የስኔክ ወንዝ ሶክአይ እ.ኤ.አ. በ1991 የተመዘገበው በመጀመሪያው ነው። በ1992 በአይዳሆ ወዳለው ሬድፊሽ ሐይቅ የተመለሰው ሶክአይ አንድ ብቻ ነበር። በአንጻሩ በ2024 በቦንቪል ያለፈው ሶክአይ ከ750,000 በላይ ሆኖ የምንጊዜም ከፍተኛ ቁጥር ተመዝግቧል። የዚህ ቁጥር እጅግ ትልቁ ክፍል ግን ኦካናገንና ዌናቺ ወደሚባሉት ገባሮች የሚሄድ ጤናማ መንጋ ነው፤ የስኔክ ሶክአይ በመካከሉ ተቀላቅሎ የሚያልፍ ኢምንት ነው። «ሪከርድ ተሰበረ» የሚለው ዜናና «ዝርያው ሊጠፋ ነው» የሚለው ዜና በአንድ ሰሞን ሁለቱም እውነት የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

## የዓመቱ አከፋፈል

አስተዳዳሪዎቹ ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል። የጸደይ ወቅት ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 15፣ የበጋ ወቅት ከጁን 16 እስከ ጁላይ 31፣ የመኸር ወቅት ከኦገስት 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ክፍፍሉ በግምት የተለያዩ የቺኑክ መንጋዎች ቦንቪል የሚደርሱበትን ጊዜ ይከተላል። ዓሣ የቀን መቁጠሪያ ስለማያውቅ በየድንበሩ መደራረብ አለ፤ በጁን አጋማሽ ያለፈ አንድ ቺኑክ በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ የሚወስነው ቀኑ ነው።

ወንዙ በርዝመቱም ይከፋፈላል። በአፉ ላይ ያለው «ቦይ 10» የሚባለው ክልል (በቁጥር 10 ተንሳፋፊ ምልክት የተሰየመ)፣ ከዚያ ከተንግ ፖይንት እስከ ዎርየር ሮክ፣ ከዎርየር ሮክ እስከ ቦንቪል፣ ከቦንቪል በላይ ያሉት ኩሬ መሰል ክፍሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቀንና የራሳቸው ገደብ ሊኖራቸው ይችላል። ከመስመሩ በዚህ በኩል የተፈቀደው ዓሣ ጥቂት መቶ ሜትር አልፎ የተከለከለ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የክልሉን ወሰን ምልክት ለይቶ ማወቅ ከቀኑ እኩል አስፈላጊ ነው።

## የሞት ሒሳብ

የደንቡ እምብርት ይህ ክፍል ስለሆነ ረጋ ብሎ መመልከት ይገባል።

የጸደይ ቺኑክን እንውሰድ። በማራቢያ ጣቢያ የተፈለፈለ ጫጩት ከመለቀቁ በፊት በጀርባውና በጭራው መካከል ያለችው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ትቆረጣለች። ካደገ በኋላ ቦታዋ የዳነ ጠባሳ ብቻ ይሆናል። አስጋሪው ሊያስቀር የሚችለው ይህቺ ክንፍ የሌለችውን ዓሣ ነው። ክንፏ ያለችው በተፈጥሮ የተፈለፈለ ተብሎ ስለሚወሰድ መልቀቅ ግዴታ ነው። ይህ «ምልክት መራጭ ማስገር» ይባላል።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው «የለቀቅኩት ዓሣ አይቆጠርብኝም» ብሎ ያስባል። ይቆጠራል። በመንጠቆ ተይዞ ከተለቀቀው ውስጥ የተወሰነው በድካም፣ በመድማት ወይም በቁስል ሳቢያ በኋላ ይሞታል። በጸደዩ የመዝናኛ ማስገር ለዚህ የሚያዘው ግምት 10 በመቶ ነው። አስር የዱር ቺኑክ ሲለቀቁ አንድ እንደሞተ ተቆጥሮ ይመዘገባል ማለት ነው።

በሌላ ወገን ከቦንቪል በላይ ከሚሄዱት ጥበቃ ያላቸው የዱር የጸደይ ቺኑኮች፣ ከነባር ሕዝቦች (በውል የማስገር መብት ካላቸው የአካባቢው ቀደምት ነዋሪዎች) ውጭ ያሉት ማስገሮች በሙሉ ተደምረው ሊገድሉ የሚፈቀድላቸው መጠን በመንጋው ብዛት ከፍና ዝቅ ይላል፤ በአማካይ ዓመት 2 በመቶ አካባቢ ነው። ለማሳያ ያህል የዱር መንጋው 20,000 ነው እንበል። 2 በመቶው 400 ዓሣ ነው። አስጋሪዎች 2,500 የዱር ዓሣ ይዘው ከለቀቁ 250 እንደሞተ ይቆጠራል። ከ400ው የቀረው 150 ነው፤ እሱም ለንግድ መረቦች፣ ከቦንቪል በላይና በስኔክ ላይ ላሉ አስጋሪዎች የሚከፋፈል ነው። ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድም የዱር ዓሣ ለምግብ አልቀረም። ሁሉም ተለቋል፤ ሆኖም ሒሳቡ እያለቀ ነው።

ስለዚህ የወቅቱን ርዝመት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የማራቢያውና የዱሩ ዓሣ የተቀላቀሉበት መጠን ነው። ከሚያዘው ውስጥ አብዛኛው ክንፉ የተቆረጠ ከሆነ ለአንድ የዱር ሞት ብዙ የማራቢያ ዓሣ ይገኛል፤ ወቅቱም ይረዝማል። የዱሩ ድርሻ ከፍ ሲል የተፈቀደው ሞት ቶሎ ይሞላል፤ ወንዙ ዓሣ ሞልቶት ሳለ ይዘጋል።

ሁለተኛ ጣሪያም አለ። ከነባር ሕዝቦች ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ሌሎች አስጋሪዎች የሚወስዱት ከቦንቪል በላይ የሚሄድ የጸደይ ቺኑክ፣ የተቆረጠውን ጨምሮ፣ ለነባር ሕዝቦቹ ከተፈቀደው መብለጥ የለበትም። ይህ «የመያዝ ሚዛን» ይባላል። በአንዳንድ ዓመት የዱር ሞት ጣሪያው ገና ሳይሞላ ይሄኛው ቀድሞ ይሞላል። በዚህ ጊዜ መዘጋቱን «የዱር ዓሣ ለመጠበቅ» ብቻ ብሎ ማስረዳት ሕዝቡን ያሳስታል፤ ምክንያቱ የድርሻ ጉዳይ ነው፣ እንደዚያው ሊነገርም ይገባል።

## ትንበያው፣ 30 በመቶው እና የሜይ ማስተካከያ

ጣሪያዎቹ ሁለቱም የመንጋው መቶኛ ናቸው። መንጋው ስንት እንደሆነ ግን ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። ባለሙያዎች የሚተነብዩት በዋናነት ባለፈው ዓመት በተመለሱት ወጣት ወንዶች ነው። አብዛኛው የጸደይ ቺኑክ በ4 ዓመቱ ይመለሳል፤ ጥቂት ወንዶች ግን በ3 ዓመታቸው ቀድመው ይመጣሉ። እነዚህ ጃክ ይባላሉ። ዘንድሮ ብዙ ጃክ ከተቆጠረ የዚያው ትውልድ ቀሪ በመጪው ዓመት በብዛት ሊመጣ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ባሕሩ በመካከል ሲለወጥ ግን ዝምድናው ይላላል። ከ2014 እስከ 2016 በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ የሰፈነው ያልተለመደ ሙቀት ከዚያ በኋላ የነበሩትን ተመላሾች ክፉኛ መትቷል።

በዚህ የተነሣ የጸደዩ ማስገር የሚጀምረው ከትንበያው ላይ 30 በመቶ ተቀንሶ ነው። መንጋው 100,000 ነው ከተባለ የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰላው በ70,000 ነው። ቅናሹ የሚነሣው የሁለቱን ግዛቶች፣ የፌዴራሉን መንግሥትና የነባር ሕዝቦችን ባለሙያዎች ያቀፈው የቴክኒክ ኮሚቴ የመንጋውን መጠን በቆጠራ ሲያስተካክል ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በሜይ ወር፣ የመንጋው ግማሽ ገደማ ቦንቪልን ካለፈ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ የተለመደው የጸደይ መልክ እንዲህ ነው፦ ከማርች እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ክፍት፣ ከዚያ መዘጋት፣ ማስተካከያው ጥሩ ከሆነ በሜይ ጥቂት ተጨማሪ ቀናት።

አስጋሪዎች በዚህ ላይ ያላቸው ቅሬታ መሠረት አለው። ተጨማሪው ቀን በሚፈቀድበት ጊዜ ከወንዙ የታችኛው ክፍል አብዛኛው ዓሣ አልፏል። በሌላ በኩል ትንበያው ከመጠን በላይ ሆኖ የተገኘበት ዓመት ቅናሹ ባይኖር ኖሮ ጣሪያው በኤፕሪል ይጣስ ነበር፤ የሞተ ዓሣ ደግሞ አይመለስም። በትንበያ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ወቅት እንዲህ ያለ ቅናሽ ያስፈልገዋል። ሊሻሻል የሚችለው የቅናሹ መጠንና ቆጠራው የሚመጣበት ፍጥነት ነው።

መዘጋቱ ድንገተኛ የሚሆነውም ከመረጃው አሰባሰብ የተነሣ ነው። ሠራተኞች በጀልባ ማውረጃዎች ላይ አስጋሪዎችን እየጠየቁ ስንት እንደያዙና ስንት እንደለቀቁ ይመዘግባሉ። በአውሮፕላን ደግሞ የጀልባውና የአስጋሪው ብዛት ይቆጠራል። ሁለቱ ተባዝተው የሳምንቱ ግምት ይወጣል። ፀሐያማ ቅዳሜና እሑድ የአንድ ሳምንት ድርሻ በሁለት ቀን ሊበላ ይችላል። ለጠያቂው ሠራተኛ የለቀቁትን ዓሣ አሳንሶ መናገር ወቅቱን የሚያስረዝም የሚመስላቸው አሉ፤ ውጤቱ ግን ግምቱን ማዛባትና ለቀጣዩ ዓመት ሰፋ ያለ ጥንቃቄ መጋበዝ ነው።

## ማን ይወስናል?

ከወንዙ በሁለቱ ወገን ያሉት ግዛቶች የጋራ ሥልጣን አላቸው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባጸደቀው ኮምፓክት በተባለው ስምምነት መሠረት የንግድ ማስገርን አብረው ይወስናሉ። የመዝናኛውን ደግሞ በጋራ ስብሰባ መክረው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜያዊ ደንብ ያወጣሉ። ሁለቱ አንዳንዴ ይለያያሉ። ወንዙ የግዛቶቹ ወሰን በሆነበት ክፍል በጀልባ ላይ ያለ ሰው የአንዱ ግዛት ፈቃድ ይበቃዋል፤ ከማዶው ዳርቻ ቆሞ ለማስገር ወይም ወደ ገባር ለመግባት ግን የዚያው ግዛት ፈቃድ ያስፈልጋል። የሁለቱንም ፈቃድ የያዘ ሰው ዕለታዊ ድርሻው አይደረብለትም።

ከግዛቶቹ በላይ የፌዴራል ሕግና የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። ኔዝ ፐርስ፣ ኡማቲላ፣ ዋርም ስፕሪንግስና ያካማ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1855 በፈረሙት ውል ሰፊ መሬት ሲለቁ በለመዱት ቦታ የማስገር መብታቸውን አስጠብቀዋል። ፍርድ ቤት በ1969 ፍትሐዊ ድርሻ እንደሚገባቸው ወሰነ፤ በ1974 ደግሞ ድርሻው ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ ግማሽ እንደሆነ ተበየነ። አሁን የሚሠራበት የአስተዳደር ስምምነት ከ2018 እስከ 2027 የሚጸና ነው። «ለእነሱ ተከፍቶ ለእኛ ለምን ይዘጋል?» የሚለው ጥያቄ ይህን ታሪክ ይዘላል። መብቱ መንግሥት የሰጠው ልዩ ጥቅም አይደለም፤ መሬት ሲሰጡ ለራሳቸው ያስቀሩት ነው።

## መኸር፦ ችግሩ መልኩን ይቀይራል

ከኦገስት ጀምሮ ሁለት ዓይነት ቺኑክ አብረው ይገባሉ። አንዱ ወደ ላይ ርቆ የሚሄደው ብርማ ቀለም ያለው ነው። ሌላው ቱሊ የሚባለው፣ ወንዝ ሲገባ ቀድሞውንም የጠቆረና እንቁላል ለመጣል የደረሰ፣ በአብዛኛው በታችኛው ወንዝ ገባሮች የሚራባ ነው። የዱር ቱሊ እ.ኤ.አ. በ1999 ስጋት ላይ ያለ ተብሎ በተመዘገበው የታችኛው ኮሎምቢያ ቺኑክ ውስጥ ይገኛል። ባሕር ላይና ወንዝ ውስጥ ተደምሮ ሊያዝ የሚችለው ድርሻ እንደ መንጋው ብዛት ከ30 እስከ 41 በመቶ ተወስኗል።

ዎርየር ሮክ ወሰን የሆነው ለዚህ ነው። ካውሊትዝና ካላማ የተባሉት ገባሮች ከዚያ በታች ስለሚገናኙ ወደነሱ የሚሄደው ቱሊ ከዎርየር ሮክ በላይ ብዙም አይታይም። በሴፕቴምበር የታችኛው ክፍል ለቺኑክ ሲዘጋ የላይኛው ክፍት ሆኖ የሚቆየው ስለማዳላት አይደለም፤ የሚያዘው ዓሣ ማንነት ስለሚለያይ ነው።

ስቲልሄድ ሌላ ቋጠሮ ነው። ወደ አይዳሆ የሚሄዱትና 78 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙት «ቢ» ተብለው ይመደባሉ፤ በመኸሩ ከነሱ መካከል የዱሮቹ ሞት ከነባር ሕዝቦች ውጭ ላሉት አስጋሪዎች በ2 በመቶ ተገድቧል። ቺኑክ የሞላበት ሰሞን በጥቂት ስቲልሄድ ምክንያት ሊታሰር ይችላል። ስለዚህ ግዛቶቹ ዓሣው ሽቅብ ሲጓዝ መዘጋቱም አብሮት ከክፍል ወደ ክፍል እንዲሸጋገር አድርገዋል፤ ኦገስት ላይ ታች የነበረው እገዳ ከሳምንታት በኋላ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ይወጣል።

## ሙቀት

ለሳልመን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የአደጋ መስመር ነው። ከዚያ በላይ ዓሣው ይዳከማል፣ ጉዞውን ያቆማል፣ በሽታ ይበረታበታል። በ2015 በጋ በኮሎምቢያና በስኔክ 250,000 ገደማ ሶክአይ እንቁላል ሳይጥል እንደሞተ ተገምቷል። ሞቃት በሆነ ጊዜ ዓሣው ቀዝቃዛ ገባሮች በሚገናኙበት አፍ ላይ ይከማቻል። ቦታው ለአስጋሪ እጅግ አጓጊ ነው፤ ተይዞ የሚለቀቅ ዓሣ ከሁሉ በላይ የሚሞተውም እዚያው ነው። ኦሪገን የተወሰኑትን በበጋ የምትዘጋው ለዚህ ነው።

## በእጅ ላይ ያለው ክፍል

ደንቡ በመጨረሻ የሚፈጸመው በጀልባው ጠርዝ ነው። ቺኑክ የታችኛው ድዱ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ነጠብጣቡም በጭራው የላይና የታች ክፍል ይታያል። ኮሆ ድዱ ነጣ ያለ ነው፤ ነጠብጣቡ በላይኛው የጭራ ክፍል ይወሰናል። ሶክአይ ጎልቶ የሚታይ ነጠብጣብ የለውም። ስቲልሄድ የአፉ ውስጥ ነጭ፣ ጭራው ቀጥ ያለና በሙሉ የተነጠበ ነው። በኮሎምቢያ ቺኑክ ከ24 ኢንች (61 ሴንቲ ሜትር) በታች ሲሆን ጃክ፣ 24 ኢንችና ከዚያ በላይ ሲሆን ጎልማሳ ይባላል፤ ዕለታዊ ድርሻውም ይለያያል። ልኬቱ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጭራ ጫፍ ነው። ክንፉ የተቆረጠበት ቦታ የዳነ ጠባሳ መሆን አለበት፤ ትኩስ ቁስል ያለበት ዓሣ የተቆረጠ ተብሎ አይቆጠርም።

የሚለቀቀውን ዓሣ ሙሉ በሙሉ ከውኃ ማውጣት አይፈቀድም። ስለዚህ ክንፉን መመልከት የሚገባው ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ በጎማ የተለበጠ ቋጠሮ የለሽ መረብ ውስጥ ነው። የናይለን ቋጠሮ ቅርፊቱንና የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። ዓሣውን ለረጅም ጊዜ ማታገል ጡንቻውን በአሲድ ይሞላዋል፤ ጠንካራ ክር ይዞ ቶሎ ማቅረብ ይሻላል። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረው እሾህ በጉጠት ከተጨፈለቀ መንጠቆው በአንድ እንቅስቃሴ ይወጣል። መንጠቆው ጉሮሮ ወይም ስንጥብ ውስጥ ከገባ መጎተት ዓሣውን ያደማዋል፤ ክሩን አጠገቡ ቆርጦ መተው የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። ጣት በስንጥቡ አይገባም። ከዚያ ጭራውን በለሆሳስ ይዞ አፉን ወደ ወራጁ ማዞርና በራሱ ኃይል እስኪወጣ መጠበቅ ነው።

## የሚያከራክሩት ነጥቦች

አንዱ ወገን ግድቦቹ፣ የሞቁት ኩሬዎችና በቦንቪል ሥር የሚያድቡት የባሕር አንበሶች ከአስጋሪው የበለጠ ይገድላሉ ይላል። ስለ ግድቦቹ ብዙ እውነት አለው። ኮንግረስ በ2018 የባሕር አንበሶችን ማስወገድ የሚያቀልል ሕግ ያወጣውም ችግሩ ስለታወቀ ነው። የዱር ዓሣ ተሟጋቾች በበኩላቸው የማራቢያ ዓሣ ከዱሩ ጋር እየተዳቀለ ያዳክመዋል፣ በሞቀ ውኃም 10 በመቶ የሚለው ግምት ያንሳል ይላሉ። የንግድ አስጋሪዎች የ2013ቱ የሁለቱ ግዛቶች ፖሊሲ መረባቸውን ከዋናው ወንዝ ገፍቶ ድርሻውን ለመዝናኛ ሰጥቷል ብለው ይከራከራሉ።

እነዚህን ሁሉ ስንመዝን የማስገር ደንቡ የሚችለውንና የማይችለውን መለየት ይኖርብናል። ግድብ ለማንሣት ወይም ውኃ ለማቀዝቀዝ ዓመታት ይፈጃል፤ ማስገር ግን በአንድ ቀን ማስታወቂያ ይቆማል። ሸክሙ በአስጋሪው ላይ ጎልቶ የሚታየው ጥፋቱ ከሌላው ስለሚበልጥ ሳይሆን መዝጊያው ቅርብ ስለሆነ ነው። ደንቡ የተመናመነውን መንጋ ከተጨማሪ ጉዳት ይጠብቀዋል፤ መልሶ ማብዛት ግን የመኖሪያ ውኃውና የባሕሩ ሥራ ነው። ባለሥልጣናት ይህን በግልጽ ቢናገሩ አስጋሪው የበለጠ ይታገሣል።

## ወደፊት የሚጠበቀው

የ2018ቱ ስምምነት በ2027 መጨረሻ ያበቃል። የሚተካው ድርድር የጸደዩን የሞት መቶኛ፣ የመያዝ ሚዛኑንና የስቲልሄዱን ጣሪያ መልሶ ሊከፍት ይችላል፤ የወቅቶቹ መልክም ከየትኛውም ዓመታዊ ትንበያ ይልቅ በዚያ ውጤት ይለወጣል። ሙቀት እየጨመረ ከሄደ በበጋው የውኃ ሙቀትን የተከተሉ መዝጊያዎች እንደሚበዙ መገመት አያዳግትም። እስከዚያው የታተመው ዓመታዊ የደንብ መጽሐፍ መነሻ ብቻ ነው። ጀልባ ከማውረድ በፊት በነበረው ምሽት የግዛቱን የቅርብ ጊዜ ማስታወቂያ ማየት፣ የወንዙን ክፍል፣ የዝርያውን ስም፣ የክንፉን ሁኔታና ዕለታዊውን ድርሻ አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ከአራቱ አንዱ ባለፈው ሳምንት ተለውጦ ሊሆን ይችላልና።